ለሯጭ የመጀመሪያ ስፕሪንት ትራያትሎን፦ ከውሃው እስከ መጨረሻዋ አምስት ኪሎ ሜትር

የሩጫ ክለብ አባል ትራያትሎን ሲያስብ ቀድሞ የሚያሰላው ሩጫውን ነው። «አምስት ኪሎ ሜትር? እሱማ የቅዳሜ ጠዋት ማሟሟቂያችን ነው» ይላል። ስሌቱ ግን መጀመር ያለበት ከወዲያኛው ጫፍ ነው። ስፕሪንት የሚባለው አጭሩ ትራያትሎን 750 ሜትር ዋና፣ 20 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው፤ ቅደም ተከተሉም ይኸው ነው። ሯጭ የሩጫ ጉልበቱን ማውጣት የሚችለው ውሃውን ተረጋግቶ ከወጣና ብስክሌቱ ላይ እግሩን ካልጨረሰ ነው። ስለዚህ እዚህ ስለ ሩጫ ትንሽ፣ ስለ ውሃ ብዙ ታነባላችሁ።

የጻፍኩት በዋሺንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚሮጡ ወገኖች ነው፤ የምጠቅሰው ደንብም የአሜሪካው ነው። ሌላ አገር ያላችሁ ደንቡን ከአካባቢያችሁ አመሳክሩ፤ ልምምዱ የትም አንድ ነው።

በነገራችን ላይ ስፖርቱን የጀመሩት ሯጮች ናቸው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 25 ቀን 1974 በካሊፎርኒያ፣ ሳን ዲዬጎ ከተማ ሚሽን ቤይ ላይ የመጀመሪያውን ትራያትሎን ያዘጋጁት የሳን ዲዬጎ ትራክ ክለብ አባላቱ ጃክ ጆንስተንና ዶን ሻናሃን ነበሩ። ከመም ልምምድ ለየት ያለ ነገር ፈልገው ነው፤ 46 ሰው ተወዳደረ። ስለዚህ «ይሄ የዋናተኞች ነው፣ የእኛ አይደለም» የሚል ሰው ካለ ታሪኩ አያግዘውም።

1. ውድድሩን መምረጥ

ለመጀመሪያ ጊዜ ዋናው በመዋኛ ገንዳ የሆነ ውድድር ፈልጉ። እንዲህ ዓይነት ትንንሽ ውድድሮች በዚህ አካባቢ አሉ፤ የዋናው ርቀትም ብዙ ጊዜ አጠር ይላል፣ 300 ወይም 400 ሜትር። ተወዳዳሪው አንድ በአንድ፣ በጥቂት ሰከንድ ልዩነት እየገባ በአንዱ መስመር ሄዶ በቀጣዩ እየተመለሰ ገንዳውን ያዳርሳል። ስትመዘገቡ ዋናውን በስንት ደቂቃ እንደምትጨርሱ ትጠየቃላችሁ፤ የመግቢያ ተራው የሚወጣው በዚያ ነው። እዚህ ላይ ማጋነን አያዋጣም። ሳያስፈልግ ፊት የተሰለፈ ሰው ከኋላው የሚመጡት ሁሉ እግሩን እየነካኩ ያልፉታል።

ሐይቅ ላይ መጀመር የፈለገ ደግሞ የውሃውን ሙቀት ያስብ። የአገሪቱን ትራያትሎን በሚመራው ድርጅት፣ በዩኤስኤ ትራያትሎን ደንብ ዌትሱት፣ ማለትም ያ ወፍራሙ የጎማ ልብስ፣ ያለ ገደብ የሚፈቀደው ውሃው እስከ 78 ፋራናይት (25.6 ሴንቲግሬድ ገደማ) ሲሆን ነው። ከዚያ በላይ እስከ 84 ድረስ መልበስ ይቻላል፣ ሽልማት ግን የለም፤ 84 ሲደርስ ጨርሶ ክልክል ነው። ይህ ለሯጭ ትልቅ ነገር ነው። ዌትሱቱ እግርን ወደ ላይ ያነሳል፤ የሯጭ እግር ደግሞ ካልተነሳ ይሰምጣል። በጁላይና በኦገስት የዚህ አካባቢ ሐይቆች በጣም ስለሚሞቁ፣ እኔ ብሆን ሐይቅ የምመርጠው በግንቦት መጨረሻ ወይም በመስከረም ነው። ልብሱን መግዛት አያስፈልግም፣ ይከራያል።

ጿሚ የሆናችሁ ቀኑን ከመክፈላችሁ በፊት ተመልከቱ። የሐዋርያት ጾምና ፍልሰታ የሚውሉት እዚሁ የውድድር ወቅት መሀል ላይ ነው። የጾም ምግብ በራሱ ለዚህ ርቀት ምንም አያጎድልም፤ ሰዓት ጠብቆ ለሚጾም ሰው ግን በባዶ ሆድ ውሃ ውስጥ መግባትን አልመክርም። ሌላ ቀን ይሻላል።

ሲመዘገቡ የዩኤስኤ ትራያትሎን አባልነት ይጠየቃል፤ የዓመት ከሌላችሁ የአንድ ቀኑን እዚያው ትገዛላችሁ። ዋጋውን ከመመዝገቢያው ጋር ደምራችሁ አስቡት። ቁጥራችሁን ስትወስዱ ፎቶ ያለው መታወቂያ ያዙ።

2. ውሃ

ብዙዎቻችን ያደግነው ደጋ ላይ ነው፤ ከደረት በላይ የሚደርስ ውሃ ያየነው ትልቅ ሰው ከሆንን በኋላ ነው። የሚያሳፍር አይደለም። በየሬክ ሴንተሩ ለአዋቂዎች የሚሰጠው የጀማሪ ትምህርት በእንዲህ ያለ ሰው የተሞላ ነው። የዲሲ ነዋሪ ከሆናችሁ የከተማው መዋኛዎች በነጻ ናቸው፣ የነዋሪነት መታወቂያ ማሳየት ብቻ ነው። ጨርሶ መዋኘት የማይችል ሰው ግማሽ ዓመት ይስጠው። 100 ሜትር በየትኛውም አዋዋን መሄድ የሚችል አሥራ ሁለት ሳምንት ይበቃዋል።

ሯጭ ውሃ ውስጥ ሁለት ችግር አለበት። አንደኛው እግሩ ነው። ስብ የሌለው ጡንቻ ይሰምጣል፤ ቁርጭምጭሚቱም በሩጫ ብዛት ስለደረቀ ውሃውን ወደ ኋላ መግፋት ትቶ ወደ ታች ይረግጠዋል። ሰሌዳ ይዘው በእግር ብቻ ሲመቱ ካሉበት ንቅንቅ የማይሉ ጎበዝ ሯጮች አሉ። መፍትሔው አጠንክሮ መምታት አይደለም፤ ዐይን ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ገንዳው ወለል ይይ። ጭንቅላት ሲወርድ ዳሌ ይነሳል፣ ዳሌ ሲነሳ እግር ይከተላል። ከዚያ በኋላ እግርን ቀስ አድርጎ ማወዛወዝ ይበቃል፤ ለብስክሌቱና ለሩጫውም ይተርፋል።

ሁለተኛው ትንፋሽ ነው፣ ይኼኛው ይብሳል። ሩጫ ላይ ሲደክመን እንደፈለግን እናለከልካለን። ውሃ ውስጥ ግን አየር የምናገኘው ክንዳችን በፈቀደልን ተራ ነው። ጀማሪ ያንን ፈርቶ ትንፋሹን ይይዛል፤ ወደ ላይ ሲወጣ በአንዲት ቅጽበት ያስወጣም ያስገባም ዘንድ ይታገላል፤ አይበቃውም፤ ይጨንቀዋል። ደረቱ አየር አጥቶ ሳይሆን ያላስወጣው ሞልቶት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ልምምድ መዋኘት እንኳ አይደለም። የገንዳውን ጠርዝ በሁለት እጅ ያዙ፣ ፊታችሁን አስገቡ፣ በአፍንጫና በአፍ ያለማቋረጥ አረፋ አውጡ፣ ከዚያ ጭንቅላታችሁን ሳታነሱ ወደ ጎን አዙራችሁ አየር ሳቡ። አንደኛው ጆሮ ውሃ ውስጥ እንዳለ መቅረት አለበት። ይህንን አሰልቺ እስኪሆን ድረስ ደጋግሙት። የሚያሰለች ሲሆን ተለምዷል ማለት ነው።

ከዚያ ወደ ነጻ ቀዘፋ (ፍሪስታይል) ግቡ። የአሜሪካ ገንዳ ብዙ ጊዜ 25 ያርድ ነው። አንድ ጊዜ ሄዳችሁ ግድግዳውን ይዛችሁ ብታለከልኩ አትደንግጡ፤ የማራቶን ልብ ያለውም እንደዚያው ነው። ጉዳዩ የልብ ሳይሆን የፍጥነት ነው፤ ከሚገባው በላይ ፈጥናችኋል። ቀስ በሉ፣ ከዚያም ቀስ በሉ። አንድ 25 ሄዶ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ማረፍ፣ አሥር ጊዜ። ትንፋሹ ሲረጋጋ ወደ 50፣ ከዚያ ወደ 100 ማሳደግ። 750 ሜትር በ25 ያርድ ገንዳ 33 ጊዜ መሄድ ነው። ውድድሩ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ይህንን ሳትቆሙ መዋኘት ከቻላችሁ ደህና ናችሁ፤ ሰዓቱን አትመልከቱት።

በደንቡ የትኛውም አዋዋን ይፈቀዳል፦ የደረት ቀዘፋም የጀርባም። በጀርባ ተንጋሎ ማረፍም ይቻላል። ካያክ ወይም ተንሳፋፊ ምልክት ይዞ መቆምም ይቻላል፣ ይዛችሁ ወደ ፊት እስካልተጎተታችሁ ድረስ። ተገልብጦ በጀርባ መንሳፈፍን እንደ አንድ ልምምድ ያዙት፤ ሐይቅ ላይ ከድንጋጤ የሚያወጣችሁ እሱ ነው።

ገንዳ ውስጥ ወለሉ ላይ ጥቁር መስመር አለ፤ ሐይቅ ውስጥ የለም። ስለዚህ በየስድስት ስምንት ቀዘፋው ዐይንን እንደ አዞ ብቅ አድርጎ ተንሳፋፊውን ምልክት መፈለግ ያስፈልጋል። ይህንንም ገንዳው ውስጥ ጀምሩት፤ ከሩቅ ሰዓት ወይም ወንበር ምረጡና እሱን እያያችሁ ዋኙ። ወደ ተፈጥሮ ውሃ ስትወጡ ብቻችሁን አትግቡ፣ ደማቅ ቀለም ያለው ተንሳፋፊ ወገባችሁ ላይ እሰሩ። ዲሲ ውስጥ በፖቶማክና በአናኮስቲያ ወንዞች መዋኘት እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ ክልክል ነው፣ ፈቃድ ያለው ዝግጅት ካልሆነ። ቨርጂኒያ ውስጥ የሌክ አና፣ ሜሪላንድ ውስጥ የሳንዲ ፖይንት ስቴት ፓርኮች የመዋኛ ዳርቻ አላቸው። ሳንዲ ፖይንት የቼሳፒክ ወሽመጥ ስለሆነ በበጋ አጋማሽ ጄሊፊሽ አለበት፤ ይለበልባል።

ሹሩባ የተሠራችሁ ወይም ብዙ ጸጉር ያላችሁ እህቶች፣ ውድድሩ የሚሰጠው ስስ ኮፍያ አይበቃችሁም። ለረጅም ጸጉር የሚሠራውን ሰፊ የሲሊኮን ኮፍያ ከሥር አድርጉና የውድድሩን ከላይ ደርቡ። ድርብ ኮፍያ መነጽሩንም ይይዝላችኋል፤ የመነጽሩን ማሰሪያ በሁለቱ መሀል ካደረጋችሁት ሰው በእጁ ቢመታው እንኳ አይወልቅም።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በትራያትሎን ውድድር ላይ የሚደርሰው ሞት በአብዛኛው የሚደርሰው ዋናው ላይ ነው፣ የልብ ችግርም ብዙ ጊዜ አለበት። ዕድሜያችሁ ከ40 በላይ ከሆነ፣ ወይም ደረታችሁን ወጋ የሚያደርግ፣ ራስ የሚያዞር ነገር ካለ ከመመዝገብ በፊት ሐኪም ጋ ሂዱ። «እኔ እኮ ማራቶን እሮጣለሁ» መልስ አይሆንም።

3. ብስክሌት

ውድ ብስክሌት አትግዙ። የምታውቁት ሰው ጋ ያለ፣ ቁመታችሁን የሚመጥን፣ ፍሬኑ የሚይዝ ብስክሌት ይበቃል። የመሪው ሁለት ጫፎች መደፈን አለባቸው፤ ክፍት ቧንቧ ሲወድቁ ሥጋ ስለሚቆርጥ ዳኞች ያያሉ። ሄልሜቱ የአሜሪካ የደኅንነት ምልክት ያለው ይሁን። ፔዳል ላይ የሚጠለቀውን ጫማ ለዚህ ጊዜ ተዉት፣ በሩጫ ጫማችሁ ንዱ። ጫማ መቀየር ቀረላችሁ፣ መስቀለኛ ላይ እግር ተይዞ መውደቅም ቀረ።

ካላማዳሪያ መቀየር ግን ተለማመዱ። ውድድር ላይ ጎሚስታ የለም፤ ደንቡም ከውጭ ሰው እርዳታ መቀበልን አይፈቅድም። መለዋወጫ ካላማዳሪያ፣ ሁለት መፈልቀቂያና ትንሽ መንፊያ ከኮርቻው ሥር ይታሰሩ። ቤት ውስጥ፣ ሻይ እየጠጣችሁ፣ የኋላውን ጎማ አውጥታችሁ መልሳችሁ ግጠሙ። የፊቱን ሁሉም ይችለዋል።

ለልምምድ ዲሲ ውስጥ ሄይንስ ፖይንት ጥሩ ነው፦ ዙሩ ሜዳ ነው፣ አንዱ ዙር ወደ 5 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፣ አራቱ ውድድሩን ያክላል። ጫፉ ላይ ከወንዙ የሚነሳ ነፋስ አለ፤ እዚያ ቀለል ያለ ማርሽ ውስጥ መግባትን ትማራላችሁ። ሯጭ ብስክሌት ላይ ሲወጣ ከባድ ማርሽ ይመርጣል፣ ጭኑ ሲቃጠል የሠራ ይመስለዋል። በደቂቃ ከ85 እስከ 90 ጊዜ የሚሽከረከር ቀለል ያለ ፔዳል ይሻላል፤ ድካሙ ወደ ሳንባ ይሄዳል፣ የሯጭ ሳንባ ደግሞ ይችላል። አጭር ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃታችሁ በዝቷል።

አንድ ልማድ መተው አለባችሁ፦ ተከትሎ መሄድን። እኛ ሩጫን ያየነው በአሥር ሺህ ሜትር ነው፤ ተሰልፎ መሄድ፣ ከኋላ ሆኖ ነፋስ መከለል፣ በተራ መምራት ለእኛ የጎበዝ ሥራ ነው። በእንዲህ ዓይነት ውድድር ብስክሌት ላይ ግን ሰው ጀርባ ተለጥፎ መንዳት የሰዓት ቅጣት አለው። ኦሊምፒክ ላይ በቡድን ሲነዱ አይታችሁ አትሳሳቱ፣ እነሱ በሌላ ደንብ ነው የሚወዳደሩት። ከፊት ካለው ራቁ፤ ትክክለኛው ርቀት በውድድሩ መመሪያ ላይ ይጻፋል። ቀኝ ያዙ፣ በግራ እለፉ፣ ስታልፉ «ኦን ዮር ሌፍት» በሉ፣ ማለፍ ከጀመራችሁም ጨርሱት። የጆሮ ማዳመጫ ክልክል ነው።

4. ሳምንቱን ማደላደል

ሦስት ቀን ዋና፣ ሁለት ቀን ብስክሌት፣ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ሩጫ። ይህ እንዲሆን ሩጫ መቀነስ አለበት፤ ብዙ ሯጭ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። አምስት ቀን ሩጫው ላይ ዋና ጨምሮ በአራተኛው ሳምንት ይታመማል። አንድ የፍጥነት፣ አንድ ረዘም ያለ ሩጫ ያላችሁን አቅም ለአሥራ ሁለት ሳምንት ይጠብቀዋል። የክለቡ ሰዎች «ጠፋችሁ» ማለታቸው አይቀርም።

ከብስክሌቱ ቀናት አንዱ ሩጫ ይከተለው። አትሌቶቹ ብሪክ ይሉታል፦ ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ነድቶ፣ ወርዶ፣ ወዲያው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መሮጥ። ስትወርዱ እግሩ የእናንተ አይመስልም፤ ጭኑ ግንድ ይሆናል፣ ርምጃው ያጥራል። በዚያ ላይ ፍጥነት ያታልላችኋል፤ በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ስትነዱ ቆይታችሁ ስትሮጡ የቆማችሁ ስለሚመስላችሁ ሳታውቁት ትፈጥናላችሁ። ይህንን ውድድር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ማየት የለባችሁም።

5. የመለዋወጫው ቦታ

ትራንዚሽን የሚባለው፣ ብስክሌቶች በረድፍ የሚሰቀሉበት ቦታ፣ በነጻ የሚገኝ ደቂቃ ያለበት ነው። ለያንዳንዱ ሰው የሚደርሰው ስፋት የአንድ ፎጣ ያህል ነው። ደማቅ ፎጣ አንጥፉ። ሄልሜቱን ገልብጣችሁ መሪው ላይ አስቀምጡ፣ ማሰሪያው ወደ ሁለቱም ጎን ተከፍቶ ይንጠልጠል፣ የፀሐይ መነጽሩ ውስጡ ይሁን። ጫማው ፎጣው ላይ፣ አፉ ወደ እናንተ፣ ውስጡ ዱቄት ተነስንሶበት። ማሰሪያውን በላስቲክ ቀይሩት፤ በራሰ እጅ ቋጠሮ መቋጠር ትዕግሥት ያስጨርሳል። የመወዳደሪያ ቁጥሩ በወገብ ላስቲክ ላይ ተሰክቶ ከጎኑ ይቀመጥ። ብስክሌቱ በቀላል ማርሽ ላይ ይቁም።

ከዚያ በእግራችሁ ሂዱበት፦ ከውሃው በየት እንደምትገቡ፣ ብስክሌት ይዛችሁ በየት እንደምትወጡ፣ በየት እንደምትመለሱ፣ ለሩጫ በየት እንደምትወጡ። ረድፋችሁን ከዛፍ ወይም ከምሰሶ አንጻር ያዙት፤ የጎረቤታችሁን ብስክሌት ምልክት አታድርጉ፣ ስትመለሱ ላይኖር ይችላል።

ሁለት ደንብ በቃል ይያዝ። ብስክሌቱን ከመንካታችሁ በፊት ሄልሜቱ ተጠልቆ ይቆለፍ፣ ብስክሌቱን እስክትሰቅሉም አይከፈት። መሬት ላይ ከተሰመረው መስመር በፊት ብስክሌቱ ላይ አይወጣም፤ ስትመለሱም ከመስመሩ በፊት ይወረዳል። ራቁት መሆን ክልክል ስለሆነ በአንድ ልብስ ነው የሚያልቀው፦ የትራያትሎን ልብስ ከሌለ ጠበቅ ያለ የሩጫ ቁምጣና ማልያ ይሆናል።

6. ዋዜማውና ጠዋቱ

ማታ ሩዝ ወይም ፓስታ። ቀይ ወጥ፣ ምስርና ሽምብራ ለማግሥቱ ይቆይ፤ በአግድም እየዋኙ ሆድ የሚነፋ ነገር አይፈለግም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ቀደም ብሎ በሶ በማር፣ ሙዝ ቢጨመርበትም ይሆናል፤ ልምምድ ላይ ያልሞከራችሁትን ግን አትብሉ። ለጀማሪ ሯጭ ሁሉም ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ውስጥ ስለሚያልቅ፣ ብስክሌቱ ላይ ውሃ በትንሽ ስኳርና ቁንጥር ጨው ይበቃል።

ውድድሩ ብዙ ጊዜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ በፈረንጁ 7 ሰዓት ገደማ ይጀመራል፤ የመለዋወጫው ቦታ ከዚያ ቀደም ብሎ ይዘጋል፣ ስለዚህ በአበሻ ቀጠሮ አይኬድም። ክንዳችሁ ላይ ቁጥራችሁን፣ ባታችሁ ላይ ዕድሜያችሁን በማርከር ይጽፉላችኋል። የሰዓት ቺፑን ግራ ቁርጭምጭሚት ላይ እሰሩት፤ ቀኝ በኩል የብስክሌቱ ሰንሰለት አለ። ውሃው ከተፈቀደ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ግቡና ፊታችሁን አስለምዱት።

7. ሲጀመር

ሐይቅ ላይ ከኋላና ከዳር ቁሙ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች፣ ሩጫ ላይ እንደምናደርገው ወደ ፊት መሽቀዳደም የለም። ትንፋሽ ካስቸገረ ወደ ደረት ቀዘፋ ቀይሩ፣ ካልሆነ በጀርባ ተንጋሉ፤ ካያኩ ላይ ያለው ሰው እጅ ሲነሳ ይመጣል። ከውሃ ስትወጡ ጭንቅላት ሊዞር ይችላል፣ እስከ ብስክሌቱ በርምጃ ሂዱ።

ብስክሌቱ ላይ ብዙ ሰው ያልፋችኋል። ይለፋችሁ። ባቱ ላይ 62 የተጻፈበት ሰው እልም ብሎ ሲሄድ ማየት ይከነክናል፤ ቢሆንም አትከተሉት። መጨረሻው ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ ማርሹን አቅልላችሁ እግሩን ፍቱት።

ሩጫው ላይ ቁጥሩን ወደ ፊት አዙሩ። የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር ከለመዳችሁት የ5 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ዝቅ አድርጉ፣ ርምጃው አጭርና ፈጣን ይሁን። ወደ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ እግሩ ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራችሁ ነው፣ አላስተምራችሁም። ብስክሌት ላይ ያለፏችሁን የምታገኟቸው እዚህ ነው።

ከጨረሳችሁ በኋላ ቺፑን መልሱ። ብስክሌቱን ወዲያው ለማውጣት አትጣደፉ፤ የመጨረሻው ብስክሌተኛ እስኪገባ አይፈቀድም። በር ላይ የቆሙት ሰዎች የእናንተንና የብስክሌቱን ቁጥር አመሳክረው ነው የሚያሳልፉት፣ ስለዚህ የወገብ ቁጥራችሁን አውልቃችሁ አትጣሉት።